በቁጥር ይገባል፣ በስም እምቢ ይላል፦ የጨዋታ ሰርቨር ኤስአርቪ ሪከርድን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ማታር ላይ ላፕቶፑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ያገናኘ ወጣት፣ ጋምቤላ ከተማ ያለች እህቱና ኦማሃ፣ ነብራስካ የሚኖር የአክስቱ ልጅ በአንድ የማይንክራፍት ሰርቨር ላይ ለመገናኘት ተቀጣጠሩ እንበል። ኦማሃ ያለው ገባ። ጋምቤላ ያለችው ስሙ አይታወቅም የሚል መልእክት መጣባት። ማታር ያለው ደግሞ ሲጠብቅ ቆይቶ ግንኙነቱ ተቋረጠበት። ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ አንዱ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ሌላዋ ፖርት ትቀይራለች፣ ሦስተኛው የዶሜይኑን ሪከርድ ሰርዞ እንደገና ይጽፋል። ሲመሽ ምን እንደተነካ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ ፍርዱም «ኔትወርኩ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

እንደ ማታር ባለ የድንበር ከተማ ኔትወርክ መውቀስ ይቀናል፤ ወቀሳው እውነት የሚሆንበት ቀንም አለ። በስም ላይ የሚደርስ ችግር ግን በግምት ሳይሆን በጥያቄ የሚለይ ነው። ስምን ወደ አይፒ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ የመልሱ ዓይነትም ጥፋቱ የሰርቨሩ፣ የሪከርዱ፣ የመስመሩ ወይስ የተጫዋቹ መሆኑን ይናገራል። ይህ መመሪያ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይም አይቀይሩ።

ኤስአርቪ ምን ይሠራል?

ኤ ሪከርድ የሚባለው ስምን ወደ አይፒ ቁጥር ይመራል፤ ስለ ፖርት ግን ምንም አይልም። የማይንክራፍት ጃቫ እትም ፖርት ካልተነገረው 25565ን ይሞክራል። የተከራዩት ሰርቨር ግን ከሌሎች ደንበኞች ጋር አንድ ማሽን ስለሚጋራ 25570 ወይም ሌላ ፖርት ይሰጥዎት ይሆናል። እንግዳ የግቢውን ስም ቢያውቅም የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የሚነግረው ይፈልጋል፤ ኤስአርቪ ሪከርድ ያ ነጋሪ ነው። ተጫዋቹ ስም ብቻ ይጽፋል፣ ጨዋታው ራሱ ዲኤንኤስን ጠይቆ ማሽኑንና ፖርቱን ያገኛል።

ስለዚህ ኤስአርቪ ይጠቁማል እንጂ አይከፍትም። የጠፋ ሰርቨር አያስነሳም፣ በፋየርዎል የተዘጋ ፖርትም አይከፍትም። ይህን መርሳት ብዙ ሰው ሙሉ ቀን ያለ ቦታው እንዲቆፍር ያደርጋል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦

• የሰርቨሩን ትክክለኛ አይፒ ቁጥርና ፖርት። ከትዝታ ሳይሆን ከአከራዩ መቆጣጠሪያ ገጽ ወይም ከሰርቨሩ የቅንብር ፋይል ላይ ገልብጠው ይያዙ።
• የዶሜይኑን መቆጣጠሪያ ገጽ የሚከፍት የይለፍ ቃል። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ያ ሰው በሥራው ሰዓት አብሮዎት መሆን አለበት።
• የጃቫ እትሙ ያለበት ኮምፒውተርና ብራውዘር ያለው ስልክ።
• በሌላ መስመር ላይ ያለ አንድ ጓደኛ። ጋምቤላም፣ አዲስ አበባም፣ ኦማሃም ይሁን፣ ከእርስዎ ሆትስፖት ውጭ መሆኑ ይበቃል።
• ማስታወሻ ደብተር። የቀየሩትንና የቀየሩበትን ሰዓት ይጽፉበታል።

ስለ ዳታ አይጨነቁ። አንድ የዲኤንኤስ ጥያቄና መልስ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ባይት ብቻ ነው። ቪዲዮ በማይከፈትበት ደካማ መስመር ላይም ምርመራው ይካሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የምንጠቀምበት ስም «ፕሌይ.ኤግዛምፕል.ኮም» ነው፤ ለማስተማሪያ ተብሎ የተከለለ ዶሜይን ስለሆነ የማንም የጨዋታ ሰርቨር አይደለም። 203.0.113.25 የሚለው አይፒም እንዲሁ ለምሳሌ የተከለለ ነው። ትእዛዞቹን በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ሲሠሩ ቃላቱን በላቲን ፊደል ይጻፉ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የእኩል ምልክትና ቁጥር ግን እንዳሉ ይቆዩ። አንድ ወጥመድ አስቀድመው ይወቁ፦ የስልክ ኪቦርድ ከነጥብ በኋላ ክፍተት ይጨምራል፣ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከሆኑም በነጥብ ፋንታ አራት ነጥብ ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ጥያቄውን ያበላሹታል።

ደረጃ 1፦ የስህተቱን መልእክት ያንብቡ

«አልገባም አለኝ» የሚለው ለምርመራ አይበቃም። ጨዋታው የሚያሳየውን ቃል ፎቶ ያንሱ ወይም ይገልብጡ፤ ጓደኞችዎም የየራሳቸውን ይላኩ። ሦስቱ ዋና መልእክቶች ሦስት የተለያዩ ቦታዎችን ያመለክታሉ።

• «አንኖን ሆስት» ካለ፣ ስሙ ወደ አይፒ ሊለወጥ አልቻለም። ጉዳዩ የዲኤንኤስ ነው፤ ሰርቨሩ ጋ አልተደረሰም።
• «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ፣ አንድ ማሽን ተገኝቷል፤ በተጠየቀው ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። ወይ ሰርቨሩ አልተነሳም፣ ወይ ጨዋታው የተሳሳተ ፖርት እያንኳኳ ነው።
• «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ካለ፣ ጥያቄው ሄዶ መልስ አልመጣም። ፋየርዎል፣ የተሳሳተ አይፒ ወይም በእርግጥ የተቋረጠ መስመር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የጃቫ እትሙ ኤስአርቪ ፈልጎ ካጣ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ያንኑ ስም በ25565 ይሞክራል። ስለዚህ ስሙ ኤ ሪከርድ ካለውና ሰርቨሩ የሚያዳምጠው በ25570 ከሆነ፣ የኤስአርቪ መጥፋት የሚታየው «አንኖን ሆስት» ተብሎ ሳይሆን «ሪፊውዝድ» ወይም «ታይምድ አውት» ተብሎ ነው። መልእክቱ የሰርቨር ችግር ይመስላል፣ መንስኤው ግን የሪከርድ ነው። ይህን የሚለየው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ስሙን ትተው በቁጥር ይግቡ

በጨዋታው የአድራሻ ሳጥን ውስጥ አይፒውን፣ ሁለት ነጥብና ፖርቱን ይጻፉ፦ 203.0.113.25:25570። ከስሙ ውጭ ያለው ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ነው።

በቁጥር ከገቡ ሰርቨሩም፣ ፖርቱም፣ ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው መስመርዎም ደህና ናቸው። እነርሱን አይንኩ፤ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

በቁጥርም ካልገቡ ኤስአርቪን ለጊዜው ይርሱት። በመጀመሪያ ጓደኛዎ በሌላ መስመር በዚያው ቁጥር ይሞክር። እርሱ ከገባ እርስዎ ካልገቡ ጥፋቱ በእርስዎ መስመር ላይ ነው። ሁለታችሁም ካልገባችሁ ወደ ሰርቨሩ ይሂዱ፦

• ሰርቨሩ ተነስቷል? በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ሰርቨር-ፖርት» የሚለው መስመር የሚያሳየው ቁጥር እርስዎ ከሚጽፉት ጋር አንድ ነው? ቁጥሩን ከቀየሩ ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ለውጡ አይሠራም።
• «ሰርቨር-አይፒ» የሚለው መስመር ባዶ ይሁን። የተሳሳተ ቁጥር እዚያ ከገባ ሰርቨሩ አይነሳም ወይም ከውጭ የማይደረስበት ይሆናል።
• የማሽኑ ፋየርዎል ፖርቱን በቲሲፒ ፈቅዷል? አንዳንድ አከራዮች በመቆጣጠሪያ ገጻቸው ላይ ሌላ ተጨማሪ ፋየርዎል አላቸው፤ ሁለቱም መከፈት አለባቸው።

ሰርቨሩን ቤትዎ ባለ ኮምፒውተር ላይ በሞባይል ሲም አስነስተው ከሆነ አንድ ማረጋገጫ ይጨምሩ። የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የውጭ አይፒ ኋላ ያስቀምጣሉ። በራውተሩ የመረጃ ገጽ ላይ የሚታየውን አይፒ፣ «የእኔ አይፒ ምንድን ነው» የሚል ድረ ገጽ ከሚያሳይዎት ጋር ያወዳድሩ። ከተለያዩ፣ በተለይም የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ ወይም በ10 ከጀመረ፣ ከውጭ ወደ እርስዎ የሚገባ በር የለም። ማንኛውም ኤስአርቪ ይህን አይፈታም። መፍትሔው ሰርቨሩን የራሱ የውጭ አይፒ ባለው የኪራይ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ይህ በሌላም ምክንያት ይሻላል፤ እርስዎ ቢጠፉም ሌሎቹ ይጫወታሉ።

ደረጃ 3፦ ኤ ሪከርዱን ያረጋግጡ

ኤስአርቪ የሚጠቁመው ወደ ስም እንጂ ወደ ቁጥር አይደለም። ያ ስም የራሱ ኤ ሪከርድ ከሌለው ጥቆማው ባዶ ነው። ስለዚህ ከኤስአርቪው በፊት የሚጠቆምበትን ስም ይፈትኑ። ኤስአርቪዎ ወደ «ኤምሲ.ኤግዛምፕል.ኮም» የሚጠቁም ከሆነ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ላይ ይህን ይጻፉ፦

ኤንኤስሉክአፕ ኤምሲ.ኤግዛምፕል.ኮም

የትእዛዙ ስም ኤን እና ኤስ የሚሉት ሁለት ፊደላትና ሉክአፕ የሚለው ቃል ያለ ክፍተት የተያያዙበት ነው። መልሱ በደረጃ 2 የተጠቀሙበትን አይፒ ማሳየት አለበት።

ሌላ አይፒ ካሳየ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛው ሰርቨሩ ማሽን ቀይሮ ሪከርዱ የድሮው ላይ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ዶሜይኑን በክላውድፍሌር የሚያስተዳድሩ ከሆነ ከሪከርዱ አጠገብ ያለው ደመና ብርቱካንማ መሆኑ ነው። ብርቱካንማ ማለት ክላውድፍሌር የራሱን አይፒ ከፊት አስቀምጧል ማለት ነው፤ ይህ ለድረ ገጽ ያገለግላል፣ የጨዋታውን ግንኙነት ግን አያሳልፍም። ደመናውን ግራጫ ያድርጉት።

መልሱ ሁለት ቁጥሮች ካሉት፣ ማለትም በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ ረጅም የአይፒቪ6 አድራሻም ካሳየ፣ ያ አድራሻ እውነት የሰርቨሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ካልሆነ ይሰርዙት፤ አንዳንዱን ተጫዋች ብቻ መርጦ የሚያስቸግር ስህተት አንዱ ምንጭ እርሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ኤስአርቪውን ራሱን ይጠይቁ

ኤስአርቪ ተጫዋቹ በሚጽፈው ስም ላይ አይቀመጥም። ከስሙ በፊት የአገልግሎቱና የፕሮቶኮሉ መጠሪያ፣ እያንዳንዱ በታች ሰረዝ ተጀምሮ ይጨመራል፦

_ማይንክራፍት._ቲሲፒ.ፕሌይ.ኤግዛምፕል.ኮም

ሁለቱም የታች ሰረዞች ግዴታ ናቸው። ጨዋታው የሚጠይቀው በትክክል ይህንን ነው፤ ስለዚህ እርስዎም ይህንኑ ይጠይቁ። ተጫዋቹ የሚጽፈውን ስም ብቻ ጠይቆ «ኤስአርቪ የለም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

በስልክ ከሆኑ፦ በብራውዘር «ዲኤንኤስ.ጉግል» የሚለውን ይክፈቱ፤ መጨረሻው ጉግል ራሱ ነው፣ ኮም የለውም። ሙሉውን ስም ያስገቡ፣ ውጤቱ ሲከፈት የሪከርድ ዓይነት በሚለው ሳጥን ኤስአርቪ ብለው እንደገና ይጠይቁ። ይህን ካላደረጉ ገጹ ስለ ኤ ሪከርድ ይመልስልዎታል። የኤስአርቪ የዓይነት ቁጥር 33 ነው፤ በመልሱ ውስጥ 33 ካዩ ትክክለኛውን ጠይቀዋል።

በዊንዶውስ ከሆኑ፦

ኤንኤስሉክአፕ -ታይፕ=ኤስአርቪ _ማይንክራፍት._ቲሲፒ.ፕሌይ.ኤግዛምፕል.ኮም

በሊኑክስ ከሆኑ፦

ዲግ ኤስአርቪ _ማይንክራፍት._ቲሲፒ.ፕሌይ.ኤግዛምፕል.ኮም

ጤናማ መልስ አራት ነገሮችን በዚህ ቅደም ተከተል ይዞ ይመጣል፤ በዊንዶውስ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይታያል፦

10 5 25570 ኤምሲ.ኤግዛምፕል.ኮም.

የመጀመሪያው 10 ቅድሚያ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። 5 ክብደት ነው፤ ቅድሚያቸው እኩል በሆኑ ሪከርዶች መካከል ጭነት ለማካፈል ያገለግላል። 25570 ፖርቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የሚጠቆምበት ስም ነው፤ ከኋላው ያለችው ነጥብ ስሙ እዚያ ማለቁን ታመለክታለች፣ ስህተት አይደለችም። አንድ ሰርቨር ብቻ ካለዎት ቅድሚያና ክብደት ምንም ቢሆኑ ለውጥ የላቸውም፤ 0 እና 5 ብለው ይለፉ። «አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል» ብሎ ብዙ ኤስአርቪ መደርደር ለዚህ ጨዋታ የሚታመን ዘዴ አይደለም። አንድ ብቻ ያስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ መልሱ የሚለውን ይለዩ

ከአምስት መልሶች አንዱን ያገኛሉ።

ሀ. ትክክለኛ መልስ፣ ትክክለኛ ፖርት። ሪከርዱ ደህና ነው። እርስዎ ካገኙትና ጓደኛዎ ካላገኘው ወደ ደረጃ 7፣ ሁላችሁም አግኝታችሁ ጨዋታው ካልገባ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

ለ. መልስ አለ፣ ፖርቱ ወይም ስሙ ግን የተሳሳተ ነው። ወደ ደረጃ 6።

ሐ. «ኤንኤክስዶሜይን»፤ በጉግሉ ገጽ ላይ ስታተስ 3። ይህ ስም ጨርሶ የለም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ሪከርዱ በሌላ ስም ተመዝግቧል። ወደ ደረጃ 6።

መ. ስታተስ 0፣ መልሱ ግን ባዶ። ስሙ አለ፣ በዚያ ስም ላይ ኤስአርቪ ግን የለም። የተሳሳተ የሪከርድ ዓይነት መርጠው ይሆናል። እንደገና ወደ ደረጃ 6።

ሠ. «ሰርቭፌይል»፤ ስታተስ 2። ጥያቄው ተቀባይነት ያለው መልስ አላገኘም። የዶሜይኑን ሪከርዶች የሚይዙት ኔም ሰርቨሮች አይመልሱ ይሆናል፣ ወይም የዲኤንኤስ ማኅተም የሆነው ዲኤንኤስሴክ ተበላሽቷል። ኔም ሰርቨር በቅርቡ ቀይረው ከሆነ የድሮው የዲኤንኤስሴክ ቁልፍ በመዝጋቢው ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። እዚህ ኤስአርቪውን መነካካት ትርፍ የለውም።

ደረጃ 6፦ ሪከርዱን ያርሙ

መቆጣጠሪያ ገጹን ከመክፈትዎ በፊት ትክክለኛውን ገጽ መክፈትዎን ያረጋግጡ። ዶሜይን የሚገዛበትና ሪከርዶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሊለያዩ ይችላሉ። ዓይነቱን ኤንኤስ አድርገው ዶሜይኑን ይጠይቁ፤ የሚመጡት ስሞች የክላውድፍሌር ከሆኑ በሻጩ ገጽ ላይ የሚጽፉት ሪከርድ ማንም አያነበውም። ብዙ የባከነ ሰዓት እዚህ ላይ የባከነ ነው። ዶሜይንዎ በዶት ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ ምዝገባው በኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ ነው፤ ኔም ሰርቨር ሲቀየር እዚያም መታወቅ አለበት።

ከዚያ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመልከቱ፦

1. የተደገመ ዶሜይን። አብዛኞቹ ገጾች በስም ሳጥኑ ውስጥ ከጻፉት ኋላ ዶሜይኑን ራሳቸው ይጨምራሉ። እርስዎ ሙሉውን ከጻፉ ሪከርዱ የሚመዘገበው «_ማይንክራፍት._ቲሲፒ.ፕሌይ.ኤግዛምፕል.ኮም.ኤግዛምፕል.ኮም» ተብሎ ነው። ይህን ለማወቅ የተደገመውን ስም ይጠይቁ፤ መልስ ከሰጠ ጥፋቱን አገኙት። በሳጥኑ ውስጥ የሚገባው «_ማይንክራፍት._ቲሲፒ.ፕሌይ» ብቻ ነው።

2. የተደገመ የአገልግሎት ስም። አንዳንድ ገጾች አገልግሎት፣ ፕሮቶኮልና ስም የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሏቸው። አገልግሎቱን ለብቻው ሞልተው በስም ሳጥኑም ከደገሙት ሁለቴ ይገባል። በስም ሳጥኑ «ፕሌይ» ብቻ ይጻፉ።

3. ፕሮቶኮል። የጃቫ እትሙ የሚጠይቀው ቲሲፒ ነው። ዩዲፒ ከመረጡ ሪከርዱ በሌላ ስም ላይ ይቀመጣልና አይገኝም።

4. የሚጠቆምበት ስም። አይፒ ቁጥር አያስገቡ፤ ስም ብቻ። ያ ስም ሲኔም፣ ማለትም የሌላ ስም ተለዋጭ፣ መሆን የለበትም፤ የኤስአርቪ ደንብ ኤ ሪከርድ ያለው ትክክለኛ ስም እንዲሆን ያዛል። ከስሙ ጋር ፖርት ወይም ድረ ገጽ አድራሻ ላይ የሚገባውን ሁለት ዘንባላ መስመር አይጨምሩ። ቦታው ነጥብ ብቻ ከያዘ «ይህ አገልግሎት እዚህ የለም» ማለት ነው።

5. የቁጥሮች መዘዋወር። ሦስቱ የቁጥር ሳጥኖች ጎን ለጎን ስለሆኑ ፖርቱ በክብደት ቦታ፣ ክብደቱም በፖርት ቦታ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። መልሱ «0 25570 5» የሚል ከሆነ ጨዋታው በፖርት 5 ሊገባ እየሞከረ ነው።

አስተካክለው ሲያስቀምጡ ቲቲኤሉን ወደ 300 ዝቅ ያድርጉ። ቲቲኤል አንድ መልስ ስንት ሰከንድ ተይዞ እንደሚቆይ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 300 አምስት ደቂቃ ነው። ሁሉ ነገር ሲረጋጋ ወደ 3600 ያሳድጉት። ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ከቆየ ደካማ መስመር ላይ ያለ ተጫዋች አምስት ደቂቃ አልፎ በገባ ቁጥር አዲስ ጥያቄ ለመላክ ይገደዳል።

ደረጃ 7፦ የድሮውን መልስ ከአዲሱ ይለዩ

ሪከርዱ ተስተካክሎም አንዱ ሲገባ ሌላው የማይገባው አብዛኛውን ጊዜ በካሽ ምክንያት ነው። በመካከል ያሉ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች የሰሙትን መልስ ቲቲኤሉ እስኪያልቅ ይዘው ይቆያሉ። ማታር ያለው ወጣት የድሮውን ፖርት፣ ኦማሃ ያለው አዲሱን ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ጠይቀዋል።

እውነተኛውን መልስ ለማወቅ በደረጃ 6 ያገኙትን የዶሜይኑን ኔም ሰርቨር በቀጥታ ይጠይቁ። በዊንዶውስ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ክፍተት አድርገው የኔም ሰርቨሩን ስም ይጨምሩ። እርሱ ትክክል ከመለሰ ሥራዎ አልቋል፤ የቀረው መጠበቅ ነው። እርሱም ከተሳሳተ ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ።

ቀጥሎ ያንኑ ጥያቄ መጨረሻው ላይ 8.8.8.8 ጨምረው፣ ከዚያ 1.1.1.1 ጨምረው፣ ከዚያም ምንም ሳይጨምሩ ይጠይቁ። የመጨረሻው ከስልክዎ ወይም ከራውተርዎ የሚመጣውን መልስ ያሳያል። 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 የተባሉት ሁለት የሕዝብ ዲኤንኤስ ሰርቨሮች በትክክል መልሰው የእርስዎ መስመር ዝም ካለ ወይም ስህተት ከሰጠ፣ አሁን «ኔትወርኩ ነው» ለማለት ማስረጃ አለዎት። አንዳንድ ራውተሮች የኤ ጥያቄን አሳልፈው የኤስአርቪን ጥያቄ ይጥላሉ፤ ድረ ገጹ ሁሉ እየተከፈተ ጨዋታው ብቻ እምቢ የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ዲኤንኤሱን በእጅ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ያድርጉ።

«የለም» የሚል መልስም ይያዛል። ሪከርዱን ከመፍጠርዎ በፊት ስሙን ደጋግመው ከጠየቁ፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ «ኤንኤክስዶሜይን» የሚለውን መልስ ያስታውሰዋል። ሪከርዱ ከተፈጠረም በኋላ ያንኑ ይነግርዎታል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስታውስ የሚወስነው በዶሜይኑ ኤስኦኤ ሪከርድ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ 1800 ከሆነ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ሪከርዱን ይፍጠሩ፣ ከዚያ ይጠይቁ። በመጠበቂያው ጊዜ ሪከርዱን ሰርዞ እንደገና መጻፍ ነገሩን ከማወሳሰብ በቀር አይረዳም።

በኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረውን ካሽ በዊንዶውስ ለማጽዳት «አይፒኮንፊግ /ፍላሽዲኤንኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ከዚያ ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱ፤ ወደ ዋናው ገጹ መመለስ ብቻ አይበቃም።

ደረጃ 8፦ በጨዋታው ውስጥ ይፈትሹ

በአድራሻ ሳጥኑ «ፕሌይ.ኤግዛምፕል.ኮም» ብቻ ይጻፉ። ከስሙ ኋላ ሌላ ፖርት ከጨመሩ ጨዋታው ኤስአርቪውን አይፈልግም፣ የጻፉትን ፖርት በቀጥታ ይሞክራል። የታች ሰረዞቹን የያዘውን ረጅም ስምም አይጻፉ፤ እርሱ ለዲኤንኤስ እንጂ ለተጫዋች አይደለም። በዝርዝሩ ውስጥ የድሮ አድራሻ ተቀምጦ ከሆነ ሰርዘው አዲስ ያስገቡ። ከሌላ መልእክት ገልብጠው ሲለጥፉ ከፊትም ከኋላም የማይታይ ክፍተት እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

በስልክ የሚጫወቱ ጓደኞች ካሉዎት ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፦ የስልኩ ማይንክራፍት ቤድሮክ የሚባለው እትም ነው፤ ኤስአርቪ አያነብም። በዩዲፒ ይገናኛል፣ የተለመደው ፖርቱም 19132 ነው። ሰርቨር ሲጨምሩ ፖርት የሚጻፍበት ሳጥን ለብቻው አለ፤ እዚያ በእጅ ያስገቡት። የጃቫ ሰርቨር ላይ ለመግባት ደግሞ ሰርቨሩ እንደ ጋይዘር ያለ አገናኝ ፕሮግራም ሊጫንበትና ለዚያ የተመደበው የዩዲፒ ፖርት ሊከፈት ይገባል። ስልክ ከላፕቶፕ በሚበዛበት አካባቢ «ኤስአርቪው አልሠራም» ከሚሉት መካከል ከስልክ የሚሞክሩ ይኖራሉ። መጀመሪያ «በምንድን ነው የምትጫወተው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ስልክ ከሆነ ከላይ ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ አያስፈልጉም።

ለመግባት ሞክረው «የስሪት አለመጣጣም» ወይም «በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የሉም» የሚል መልእክት ካገኙ ደስ ይበልዎት። ሰርቨሩ ራሱ አነጋግሮዎታል፤ ዲኤንኤሱ ሥራውን ጨርሷል። የቀረው የጨዋታው ቅንብር ነው።

ለእርዳታ ከመጻፍዎ በፊት

ሁሉንም አልፈው ካልተፈታ ለሰርቨር አከራዩ ወይም ለዶሜይን ሻጩ ይጻፉ። «አይሠራም» የሚል መልእክት «ምን አልሠራም?» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ቀኑም በዚያ ያልቃል። ይልቁን እነዚህን ስድስት መስመሮች ይላኩ፦

1. በጨዋታው የጻፉት ስምና የመጣው መልእክት፣ ቃል በቃል።
2. በአይፒና በፖርት ሲሞክሩ የሆነው፣ ከሁለት መስመሮች።
3. የሚጠቆምበት ስም የሰጠው አይፒ።
4. ለሙሉው የኤስአርቪ ስም የመጣው መልስ፦ ከዶሜይኑ ኔም ሰርቨር፣ ከ8.8.8.8 እና ከራስዎ መስመር።
5. የሪከርዱ ቲቲኤል እና ለመጨረሻ ጊዜ የቀየሩበት ሰዓት። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ብቻ አይጻፉ፤ ውጭ ያለው ባለሙያ የእርስዎን ሦስት ሰዓት የእርሱ ሦስት ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። በዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፉት።
6. የጨዋታው እትም፦ ጃቫ ወይስ ቤድሮክ።

ይህንኑ ዝርዝር ሰርቨሩ ደህና በሆነበት ቀን ሞልተው ቢያስቀምጡት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ችግር በመጣ ቀን አዲሱን ከድሮው ጎን አስቀምጠው የተለየውን መስመር ይፈልጋሉ፤ ምርመራው የሚጀመረውም ከዚያ መስመር ነው።